ሰው በሌለበት አገር የሚጓዝ መንገደኛ፤ ስለ «ፋር ላንድስ ኦር በስት» ተከታታይ ቪዲዮ የቀረበ ሂስ

በዚህ መጽሔት ላይ የተማሪ ጽሑፍ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ወደ ተወለደበት አገር ወርዶ ያየውንና ከሽማግሎች የሰማውን ይዞ የሚቀርብበት ነው። የሠርግ ሥርዓት፣ የዕርቅ ሥርዓት፣ የገበያ ውሎ፣ የእርሻ መሣሪያ ስም፣ ይህን የመሰለ ነገር ነው። እኔም ባለፈው ክረምት ወደ ዋጃ ስሄድ ሐሳቤ ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ የዕረፍቴን ብዙ ምሽት የፈጸምሁት አንድ አሜሪካዊ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ በእግሩ ሲጓዝ የሚያሳይ ተከታታይ ቪዲዮ በመመልከት ስለ ሆነ፣ ያልሠራሁትን የሠራሁ አስመስዬ ከማቅረብ ያየሁትን መርምሬ ባቀርብ ይሻላል አልሁ። ነገሩ ከዋጃ እጅግ የራቀ መስሎ ይታያል። እንዳልራቀ ግን አጎቴ በጥቂት ጥያቄ አሳዩኝ፤ ወደ እርሳቸው በኋላ እመለሳለሁ።

ተከታታዩ «ፋር ላንድስ ኦር በስት» ይባላል። በአማርኛ «ወይ ሩቁ አገር ወይ ውድቀት» እንደ ማለት ነው። አዘጋጁ ከርት ጄ. ማክ በሚል ስም የታወቀ ሲሆን ጉዞውን የጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በማርች 2011፣ ማለት በ2003 ዓ.ም. ነው። ጨዋታው ስዊድናዊው ማርኩስ ፐርሰን የፈጠረው ማይንክራፍት ነው። ይህን ጨዋታ ላላዩ ሰዎች ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ምድሩም ዛፉም ተራራውም ውሃውም እንደ ጡብ በአራት ማዕዘን ድርድር የተሠራ፣ አንዱ ጡብ አንድ ሜትር ሆኖ የሚቈጠርበት ዓለም ነው። ተጫዋቹ ይቈፍራል፣ ይገነባል፣ ከብት ያረባል፣ ሲመሽ ከሚወጡት አውሬዎችና ሙታን ራሱን ይጠብቃል። ብዙ ሰው በዚህ ዓለም ውስጥ ቤት ይሠራበታል፤ ከተማ የሠሩበትም አሉ። ከርት ግን ቤት መሥራቱን ትቶ ባንድ አቅጣጫ ብቻ መሄድ ጀመረ። በመቶዎች የሚቈጠሩ ክፍሎች ወጥተው ሰውየው ያንኑ አቅጣጫ አልለቀቀም።

የሚሄድበት ቦታ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የዚህ ሥራ ቀልድም ቁም ነገርም ከዚያ ላይ ነውና። የማይንክራፍት ምድር በሰው እጅ ተስሎ የተቀመጠ አይደለም። ኮምፒዩተሩ አንድ የመነሻ ቁጥር ይዞ፣ ተጫዋቹ ወደ ፊት በሄደ መጠን ተራራውንና ሸለቆውን በስሌት እያወጣ ይዘረጋለታል። የስሌቱ መሠረት ኬን ፐርሊን የተባለ አሜሪካዊ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ዘዴ ነው። በኮምፒዩተር የተሠራ ደመናና ድንጋይ እንደ ተፈጥሮ የተዝረከረከ ሆኖ እንዲታይ ያደረገ ዘዴ በመሆኑ በፊልም ሥራ በኩል በ1997 (እ.ኤ.አ.) የአካዳሚ ሽልማት አስገኝቶለታል። በማይንክራፍት አሮጌ እትሞች ውስጥ ይህ ስሌት የተጫዋቹን ቦታ ወስዶ በ171 ገደማ ያባዛዋል። ኮምፒዩተሩ ለዚህ የሚጠቀምበት የቁጥር ዓይነት ደግሞ ከ2,147,483,647 በላይ መቍጠር አይችልም። ስለዚህ ሰው ከመነሻው 12,550,820 ሜትር ያህል ርቆ ሲሄድ ቁጥሩ ሞልቶ ይፈሳል፤ ምድሩም ይበላሻል። ከሰማይ ጫፍ የሚደርስ ግድግዳ፣ በግድግዳው ውስጥ እንደ ወንፊት የተበሳ ዋሻ ይሆናል። ሩቁ አገር የተባለው ይህ ነው። የዓለም ዳርቻ ተብሎ የሚታሰበው ነገር የስሌት ስሕተት ነው ማለት ነው።

ርቀቱን በምድር ስንለካው ከ12,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ መሬትን ከወገብዋ ላይ ፈልፍሎ በወዲያኛው በኩል ከመውጣት ጥቂት ቢያንስ ነው። በጨዋታው የእርምጃ ፍጥነት ያለ ዕረፍት፣ ያለ ተራራ፣ ያለ ባሕር ቢኬድ እንኳ 800 ሰዓት ያልፈዋል። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሄድ ሰው አሥራ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ከርት ደግሞ ተራራ ይወጣል፤ ባሕር ያቋርጣል፤ በየመንገዱ ይቆማል፤ ሲመሽ ጕድጓድ ቈፍሮ ይገባል።

ሰውየው ለራሱ ካወጣቸው ሕጎች ሁለቱን ብቻ ላንሣ። የመጀመሪያው፣ ምን ያህል እንደ ተጓዘ የሚያሳየውን ቁልፍ በፈለገ ጊዜ አይነካም። ቁልፉን የሚነካው ተመልካቾቹ ለበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቻይልድስ ፕሌይ ለተባለው፣ በሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት መጫወቻ ለሚያቀርበው ድርጅት፣ ያዋጡት ገንዘብ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ነው። በዚህ መንገድ ባለፉት ዓመታት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ዶላር ተሰብስቧል። እንግዲህ ይህ መንገደኛ የት እንደ ደረሰ የሚያውቀው በሌላ ሰው ምጽዋት ነው። እኔ ይህን ሕግ ከሥራው ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ጸሐፊም ሆነ ሠዓሊ ለራሱ እንዲህ ያለ እጅ የሚያስር ሕግ አውጥቶ ለዓመታት ሲጠብቀው ከሥነ ጥበብ ሌላ ምን ልንለው እንችላለን?

ሁለተኛው ሕግ የበለጠ ያከራክራል። በሴፕቴምበር 2011 (እ.ኤ.አ.) የጨዋታው አዘጋጆች አዲስ እትም አወጡ፤ በዚያም ስሕተቱ ታርሞ ሩቁ አገር ጠፋ። ከርት ግን መድረሻውን ላለማጣት ከአሮጌው እትም ሳይወጣ ቀረ። እስከዚህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በኛ በኩል ያለ ተመልካች ሊያልፈው የማይገባ ሌላ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ሩቁን አገር ያጠፋው ያው እትም ረኀብን ወደ ጨዋታው ያስገባ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የማይንክራፍት ሰው አይራብም ነበር። ምግብ ሲበላ ቍስሉ ይድናል እንጂ ባይበላ ምንም አይሆንም። እንግዲህ ከርት የሚሄድበት ዓለም ዳርቻ ያለው፣ ረኀብ ግን የሌለው ዓለም ነው። ሁለቱ ባንድ ቀን የተለዋወጡ መሆናቸው እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ቪዲዮውን እንደ ቀድሞው ማየት አልቻልሁም። ምክንያቱን በቦታው እገልጻለሁ።

አንዱ ክፍል ከሌላው ብዙ አይለይም። ሰላምታ ይሰጣል፤ ትናንት ከተኛበት ጕድጓድ ይወጣል፤ ዎልፊ የሚባለው የተገራ ተኵላ ይከተለዋል፤ ጉዞ ይጀመራል። የጨዋታው ሙሉ ቀንና ሌሊት ባንድ ላይ ሃያ ደቂቃ ስለ ሆነ ፀሐይ ቶሎ ቶሎ ትጠልቃለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከርት ያወራል። ስለ ጠፈርና ስለ ሮኬት፣ ስለ ዕለት ኑሮው፣ ስለ ዜና፣ ተመልካች ስለ ላከለት ደብዳቤ። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ አይጮኽም፤ ሰው ለማሳቅ አይፍጨረጨርም። በጨዋታ ቪዲዮ አካባቢ ይህ ያልተለመደ ነገር ነው። ሥራውንም ያከበረው ሰው ነው፤ ይተዳደርበት የነበረውን የድረ ገጽ ግንባታ ሙያ ለዚህ ጉዞ ብሎ ትቷል።

አጎቴ ወደ ነገሩ የገቡት በዚህ ላይ ነው። እርሳቸው ባለፈው ዘመን ግመል ይዘው ከዞብል ወዲያ ወደ አፋር ገበያ ይወርዱ የነበሩ፣ አሁን ከማሽላቸው ዳር ተቀምጠው የሚውሉ ሰው ናቸው። አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ ሳለ የያዝሁትን ስልክ አጎንብሰው አዩና፣
«ይኼ ሰውዬ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።
«ከዓለም ዳርቻ፣ አያ።»
«እዚያ ማን አለው?»
«ማንም የለውም።»
«በመንገዱስ እስካሁን ማንን አገኘ?»
«ማንንም። አገሩ ሰው የለበትም።»
ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያ ለማን ነው እንዲህ የሚያወራው?» አሉ።
ለሚያዩት ነው ብዬ መለስሁላቸው። «አሃ፣ ዳጉ የሚነግረው አጥቶ ነዋ!» አሉና ስኒያቸውን አነሡ። እኔም ስለዚህ ሥራ ካነበብሁት ሁሉ ይህን የሚያህል ሂስ አላገኘሁም።

ዳጉ በአፋሮች ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች በበረሓ ሲገናኙ እንዲያው በሰላምታ አይተላለፉም። ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከየት እንደ ተነሣ፣ በመንገዱ ማንን እንዳየ፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ግጦሹ የት እንዳማረ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ምን ዓይነት እንግዳ ባካባቢው እንዳለፈ በዝርዝር ይናገራል። ሌላው ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ተራው የእርሱ ይሆናል። ያየውን የደበቀ ወይም ያላየውን የጨመረ ሰው ይነወራል። በሰፊው በረሓ ወሬ ከስልክ ቀድሞ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የራያ ነጋዴም ከነርሱ ጋር ሲውል ሥርዓቱን ይለምዳል፤ አጎቴ አሁንም ከአላማጣ የመጣ ሰው ሲያገኙ ጥያቄያቸው በዚሁ ተራ ይሄዳል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። «ፋር ላንድስ ኦር በስት» የጉዞ ሥራ ተብሎ መመስገኑ ትክክል አይደለም፤ መመዘን ያለበት እንደ ዳጉ ነው። አድናቂዎቹ ከሚያነሡት ምክንያት ዋነኛው፣ ሰውየው ማንም ዓይን ያላረፈበትን ምድር የሚገልጥ አገር አሳሽ ነው የሚል ነው። ያንን ተራራ ከእርሱ በፊት ያየው የለም፤ ከእርሱም በኋላ የሚያየው አይኖርም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ማየትና ማወቅ አንድ አይደሉም። ተራራው ሰውየው ሳይደርስበት በፊት በመነሻው ቁጥር ውስጥ ሙሉ ለሙሉ አለ፤ ስም የለውም፤ ስሙን የሚነግር የለም፤ ማን እንደ ተዋጋበት፣ ማን ንብ እንደ ሰቀለበት የሚተርክ የለም። ከርት ወደ ተራራው ዞር ብሎ «ያምራል» ካለ በኋላ የሚጨምረው ነገር ያጣል። ይህም የእርሱ ድክመት አይደለም፤ አገሩ መልስ አይሰጥም።

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ ከመልእክተኞች ጋር በ1520 (እ.ኤ.አ.) ከምጽዋ ገብቶ፣ በትግራይ በኩል ወደ አንጎት ወርዶ፣ ስድስት ዓመት በአገራችን የቈየ ሰው ነው። በ1540 (እ.ኤ.አ.) የታተመው መጽሐፉ እኛ ከምንኖርበት የተራራ ጥግ ብዙ ገጽ ይሰጣል። መጽሐፉን አስፈላጊ ያደረገው ግን የመንገዱ ርዝመት አይደለም። በያንዳንዱ ማደሪያ ሰው አለ። አሳድረን የሚለው፣ አናሳድርም የሚለው፣ በቅሎ የሚያቀርበውና የሚከለክለው፣ መንገድ የሚያሳስተው። ዶብዓ ብሎ ስለሚጠራቸው የቈላ ሰዎች የጻፈው እንኳ ከነርሱ ጋር በተጣሉ ሰዎች አፍ ነው። ስሕተት ሞልቶበታል። ስሕተቱም ቢሆን ከሰው የተገኘ ስሕተት ስለ ሆነ ዛሬ ለታሪክ ተማሪ ይጠቅማል። የከርት አገር ስሕተት ከቁጥር የተገኘ ነው።

ሐሳቡን ለመፈተን አንድ ማለዳ ስልኬን ከፍቼ እንደ ከርት እያወራሁ ከዋጃ ወደ ቆቦ በእግሬ ተነሣሁ። መንገዱ ጣልያን በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ሲያቀና ያለፈበት የአስፋልት መንገድ ነው፤ በግራና በቀኝ ማሽላው ቆሞ፣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮኻሉ፤ በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ የላስታ ግንብ ይታያል። ያገሬን መልክ በዝርዝር ለመተረክ ተዘጋጅቼ ነበር። የተቀዳው ግን ሰላምታ ብቻ ሆነ። «እንዴት አደርህ»፣ «የማን ልጅ ነህ»፣ «አባትህ ዳነ ወይ»፣ «አዲስ አበባ ዘነበ ወይ»፣ «ብቻህን የምትለፈልፈው ምን ሆነህ ነው»። የመጨረሻውን የጠየቁኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዲት እናት እንዲያውም ውሃ አጠጥተው፣ ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ደኅና መሆኔን ካላረጋገጥሁ አልለቅህም አሉ። ቆቦ የደረስሁት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለ መልክዓ ምድሩ የተናገርሁት ባንድ ገጽ አይሞላም። የተጠየቅሁትና የጠየቅሁት ግን ከቆቦ ገበያ እስከ ዋጃ ያለውን የዝናብ፣ የእህል ዋጋ፣ የልደትና የሞት ዜና የያዘ ነበር። ያን ማለዳ ወደ መጽሔቱ የሚገባ ነገር ካገኘሁ ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ከርት ስመለስ የሥራው ኃይልና ድካም ተለይቶ ይታየኛል። ኃይለኛ የሆኑት ክፍሎች አገሩ ያማረባቸው አይደሉም። ተመልካች የላከውን መልእክት እያነበበ መልስ የሚሰጥባቸው፣ የታመመ ሕፃን ወላጅ የጻፈውን ደብዳቤ ሲያነብ እርምጃው የሚዘገይባቸው፣ የተዋጣው ገንዘብ ልኩ ደርሶ ቁልፉ ሊነካ ሲል ሰው ሁሉ ቁጥሩን የሚጠብቅባቸው ናቸው። እዚያ ላይ ዳጉው ሙሉ ይሆናል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል። ደካማዎቹ ደግሞ በመካከል ያሉት ብዙዎቹ ናቸው፤ ሰውየው አገሩንም አያይ፣ ከሰውም አይጠየቅ፣ እንዲያው ወሬ ስለማያልቅበት የሚያወራባቸው። ተራራው በጀርባው ያልፋል። ባሕር ይሻገራል፤ አላየውም። እኔ አንዳንድ ጊዜ ድምፁን ዘግቼ ምድሩን ብቻ ሳይ ከእርሱ የበለጠ ያየሁ መስሎ ይሰማኛል። ለዓመታት በሚዘልቅ ሥራ ይህ አይቀርም ይባል ይሆናል፤ ቢሆንም ሂስ የሚጽፍ ሰው ያሰለቸውን ነገር ሰልችቶኛል ማለት ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ላመስግን። በአሮጌው እትም ሰው ከመነሻው በራቀ ቍጥር ማሳያው የሚጠቀምበት ቁጥር ጥቃቅን ርቀት መለየት እያቃተው ይሄዳል፤ ከ2,097,152 ጡብ በኋላ ከሩብ ጡብ ያነሰውን አይለይም። በዚህ ምክንያት ምድሪቱ ከእግሩ በታች ትንቀጠቀጣለች፤ እርምጃው እንደ ድሮ የፊልም መሣሪያ ይቈራረጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ለማረም ወይም ለመደበቅ ይሞክር ነበር። ከርት አልደበቀውም፤ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። የሚሄድበት ቦታ ስሕተት እንደ ሆነ፣ ስሕተቱም ከሩቅ ሳለ በእግሩ ሥር ምልክት መስጠት እንደ ጀመረ ተመልካቹ ዓይኑ እያየ ይረዳል። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የጆን ቡንያንን የክርስቲያን ጉዞ እናነብ ነበር፤ በዚያ መጽሐፍ መንገደኛው ወደ ከተማዪቱ በቀረበ መጠን አገሩ እየጸና፣ እየበራ ይሄዳል። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ መድረሻው በቀረበ መጠን መሬቱ አይታመንም። መምህራኖቻችን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደ ነበር አስባለሁ።

ወደ ረኀብ ልመለስ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከራያና ከላስታ የተነሣው ሕዝብ ወደ ቆረም፣ ወደ አላማጣና ወደ ቆቦ የሄደው በእግሩ ነው፤ ያን ጉዞ በቤታችን የሚተርኩ ሰዎች የእርምጃውን ብዛት አያነሡም፤ የሚያነሡት መንገድ ላይ የቀረውን ሰው ስም ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በራያ ሲያልፍ ሕዝቡ እንደገና ያንኑ መንገድ በእግሩ ሄዷል። ዛሬም ከመንደራችን የሚነሡ እኩዮቼ አሉ። በዞብል በኩል ወደ አፋር ወርደው፣ በጅቡቲ ግዛት ኦቦክ ደርሰው፣ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት የሚሄዱ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ከጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ከእኔ ጋር ባንድ ወንበር የተማረ ልጅ ይህን መንገድ ሄዷል። ከመሄዱ በፊት የከርትን ቪዲዮ ባንድ ላይ ያየነው ጊዜ ነበር፤ «አየህ፣ ሰው ከተነሣ ይደርሳል» አለኝ። እኔም በዚያን ጊዜ ልክ ነህ አልሁት።

ይህን በከርት ላይ ክስ አድርጌ አላቀርበውም። አንድ ሰው ለታመሙ ሕፃናት ገንዘብ እየሰበሰበ የሚጫወተውን ጨዋታ፣ እርሱ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው አገር ያለ ወጣት እንዴት እንደሚያየው ሊጠየቅበት አይችልም። ነገር ግን ሥራው በኛ አገር ሲታይ ምን እንደሚል መናገር የእኛ ፈንታ ነው። የሚለውም፣ ውሃ ሳይጠማ፣ እግር ሳይቈስል፣ ደላላ ሳይከፈለው፣ ወደ ፊት ብቻ በመሄድ የሚገኝ ነገር አለ የሚል ነው። ይህን የሚለው ቃሉ አይደለም፤ ቃሉማ ትሑትና ጨዋ ነው። የሚለው ዓለሙ ነው። በሰፊው በረሓ የሚሄድ አፋር ያገኘውን መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃው የት እንዳለ ነው፤ ውሃ የማያስፈልገው መንገደኛ ጠያቂ አይሆንም፤ ጠያቂ ያልሆነም ሰው ማንንም ሳያገኝ ሺህ ኪሎ ሜትር መሄዱ አያስደንቅም። ሂሴን ባንድ ቃል ጠቅልል ብባል የከርት አገር ሰው ያጣው ረኀብ ስለሌለበት ነው እላለሁ። የጨዋታው አዘጋጆች ረኀብን አስገብተው ዳርቻውን ባጠፉ ጊዜ፣ ከርት የመረጠው ዳርቻውን ነው። እኔ ብሆን የትኛውን እንደምመርጥ አሁንም አልወሰንሁም።

እርግጥ ነው፣ ሌላ አንባቢ በተቃራኒው ሊከራከር ይችላል። ሰው ከችግር ተለይቶ ስለ ጠፈር እያወራ የሚሄድበት አንድ ቦታ ቢኖረው ምን ይጎዳል? አልጋ ላይ የሚውል ሕፃንስ በዚያ ቀስ ብሎ በሚሄድ ድምፅ የሚጽናና ከሆነ? ይህን አልክድም፤ እኔም በጦርነቱ ዓመታት መንገድ ተዘግቶ ዶርም ውስጥ በቀረሁበት ጊዜ፣ ከቤተ ሰቤ ድምፅ ሳልሰማ በሰነበትሁባቸው ሌሊቶች፣ እንቅልፍ የሚወስደኝ ያን ድምፅ እየሰማሁ ነበር። ለዚህም ነው ከሌላ ሥራ ይልቅ ይህን ለሂስ የመረጥሁት።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ በተዘጋጀሁበት ዋዜማ አጎቴ ከማሳ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ስለ ጓደኛዬ ጠየቁኝ፤ ጅዛን ገብቷል የሚል ወሬ አለ፣ ራሱ ግን አልደወለም አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣
«ያ ሰውዬስ ደረሰ?» አሉ።
«አልደረሰም።»
«ውሻውስ?»
«እስካየሁት ድረስ አብሮት ነው።»
«እሱ ጥሩ ነው» አሉና ዝናቡ በስተዞብል በኩል ጥሎ እንደ ሆነ ለማየት ዞር አሉ።